የስድስት ቀን አጨዳ

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ማህሌት ምሳ ልትበላ ቤቴ መጣች። ማህሌት እንጀራዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። ገና እጇን ታጥባ ሳትቀመጥ አንድ የምሥራች ነገረችኝ፤ አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ተምራ ጨርሳለች።

«ዓርብ ከሥራ ስወጣ ጀመርኩ፣ ትናንት ጨረስኩ» አለች።

«ምኑን ነው የጨረስሽው?»

«ቋንቋውን ነዋ ጋሼ! አንዱን ለሚያውቅ ሰው ሌላው እኮ ምንም አይደለም። ያው ሰውዬ ልብስ ቀይሮ ሲመጣ ማለት ነው።»

ሽሮዋን እየጠቀለለች የአዲሱን ቋንቋ ጸባይ ዘረዘረችልኝ። ከሁሉም በላይ ያስደሰታት፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ከማሽኑ ሜሞሪ የወሰደውን ቦታ መመለስ የጻፈው ሰው ጣጣ አለመሆኑ ነው። «ቋንቋው ራሱ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ይጠርጋል፤ የእኛ ሥራ መውሰድ ብቻ ነው» አለች። መልካም ዘመን ነው አልኩ በልቤ፤ መውሰድ ብቻ።

«አንተስ? በእናንተ ጊዜ ሁለተኛውን ቋንቋ ለመማር ምን ያህል ፈጀብህ?»

«ሁለት ወር ከምናምን።»

አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ማዘን ቢጤ ይዟት፣ «ማን አስተማረህ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ሰጠኋት። ምን ብዬ እንደመለስኩላት መጨረሻ ላይ እናገራለሁ፤ አሁን ብናገረው ቀሪውን የሚያነብልኝ ሰው የማገኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛ ቋንቋ ቀላል ነው የሚሉ ሰዎችን አላምናቸውም። የሰው ቋንቋም ይሁን የማሽን። አብዛኞቹ ሁለተኛውን አልተማሩትም፤ የመጀመሪያውን በሁለተኛው ቃላት ይናገሩታል፣ አድማጩም በትሕትና ዝም ይላቸዋል። ምንም የማያውቅ ሰው ቢያንስ አለማወቁን ያውቀዋል። ትንሽ የሚያውቅ ሰው ነው አስቸጋሪው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ትንሽ የማውቅ ሰው ነበርኩ።

ደሴ በአንድ የግል ማሠልጠኛ ዓመት ተቀምጬ፣ ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋ ተምሬ፣ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። አባቴ ቄስ ነበሩ። የምስክር ወረቀቴን መስታወት አስገብተው ከሚካኤል ሥዕል ዝቅ አድርገው ሰቀሉት። በከተማው የነበሩት ኮምፒውተሮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ጥልፍ ጨርቅ ለብሰው እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነው ይውላሉ። የአንደኛዋን ጨርቅ የመግለጥ ሥልጣን ለእኔ ተሰጠኝ። ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መተየብ ነበር። ሰዉ ግን «የኮምፒውተር ሊቅ» ይለኛል። እኔም አላረምኳቸውም።

ነሐሴ ላይ ደሴ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ፕሮግራመር እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ፈተናው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ የሚፈተኑትም ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው። ሲን አላውቅም። ቢሆንም አልደነገጥኩም፤ ቤዚክ አውቅ የለ? አንድ የደሴ ጓደኛዬ ቋንቋውን የያዘች ፍሎፒና የመጽሐፍ ፎቶኮፒ በአውቶብስ ላከልኝ። ፎቶኮፒው መሀል ላይ ያበቃል። አባዡ ያለቀበት ወረቀት ይሁን ትዕግሥት እስካሁን አላውቅም።

የተማርኩት ቤዚክ በየመስመሩ ቁጥር የሚጻፍበት፣ ከዚህ መስመር ተነስተህ ወደዚያኛው ዝለል እየተባለ የሚታዘዝ ቋንቋ ነው። እኔም ሲን ቁጥር ቁጥር ሰጥቼ፣ ዝለል እያልኩ ጻፍኩት። ማሽኑ አልተቀበለኝም። ሌላ ሞከርኩ፤ አልተቀበለኝም። ለሁለት ሳምንት ያህል እኔና እሱ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ተፋጥጠን ተቀመጥን።

አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየቀጠቀጠ ሳለ፣ ጋቢ የደረበና ቦቲው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ወጣት ገበሬ ማመልከቻ ሊያስተይብ ገባ። ዓይኔን ከማሽኑ ሳላነሳ «ቆይ» አልኩት። ቆየ። የረጠበ ጋቢው ሽታና ትንፋሹ ከኋላዬ ይሰማኛል።

«መስመሩ መጨረሻ ላይ ምልክቷን ረስተሃታል» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሰባተኛው መስመር ላይ። ሲ ያለ እሷ አይሰማህም። ደግሞ መስመሮቹን የምትቆጥራቸው ምን ሆነው ነው? በጎች ናቸው?»

ምልክቷን ጨመርኩ። ቁጥሮቹን አጠፋሁ። ሠራ። ዞር ብዬ አየሁት፤ ዱላውን ብብቱ ሥር እንደወሸቀ ማመልከቻውን ዘረጋልኝ።

ይመር ይባላል። ማመልከቻው የተጻፈው ለዩኒቨርሲቲ ነበር። አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ኮምፒውተር ተምሯል። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ እናቱ ሞተች፤ አባቱም አንድ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከበሬው ተለዩ። ቤት ውስጥ የቀረችው ታናሽ እህቱ ዘርፌ ብቻ ናት። ለአንድ መኸር ብሎ መጣ፤ አንዱ መኸር ሁለት ሆነ። አሁን ማመልከቻው የሚለው፣ በሚመጣው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ተመልሼ ትምህርቴን ልቀጥል ነው። ስንዴውን በጊዜ ካስገባ ለአባቱና ለእህቱ የዓመት ቀለብ ይተውላቸዋል፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ ይሄዳል። መስከረም ላይ መልስ መጣለት፤ ይቀበሉታል፣ ግን ይህ የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ ካለፈ ስሙ ይሰረዛል።

ማመልከቻውን የተየብኩት እኔ ነኝ። መልሱንም አብረን ነው ያነበብነው። ስለዚህ በኋላ ለሠራሁት ነገር አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ሲን እንዲያስተምረኝ ስለምነው ልክፈልህ ብዬው ነበር።

«ብር አያጭድልኝም» አለ። «ወንፈል እንግባ።»

ለከተማ አንባቢ ልንገር። በእኛ አገር ጅጌ የሚባለው ጠላ ተጠምቆ፣ ምግብ ተሠርቶ፣ አገር ተጠርቶ የሚሠራበት ነው። እናት የሞተችበት ቤት ጅጌ አይጠራም፤ ማን ይጠምቃል? ወንፈል ግን ድግስ የለውም። ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ ነው። ጸሐፊ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ይመር የጠየቀኝ ይህንን ነው። አሥራ ሁለት ቀን ያስተምረኛል። እኔም አሥራ ሁለት ቀን እሠራለታለሁ፤ ስድስቱን ቀን አረም፣ ስድስቱን አጨዳ። አጨዳው የሚጀመረው ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።

እንደዚያ ዓይነት ወንፈል በእኛ በወሎ ቦረና ምድር ከዚያ በፊት ተገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሁለታችንንም ግን አላሳቀንም።

ቤታቸው በከላላ መንገድ የአንድ ሰዓት ተኩል እግር ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን አባቱ አያ ካሳው ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው ከሩቅ አዩኝ።

«መርሀባ የቄሱ ልጅ! መስቀል ሊያሳልመን መጣ ወይስ ሊያርም?»

«ላርም ነው አያ ካሳው።»

«እጁን እዩት እስቲ፤ እጣን እንኳ የያዘ አይመስልም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ለመሆኑ የምታስተምረው የማን ቋንቋ ነው?»

«የማሽን ነው አባባ።»

«ማን ይናገረዋል?»

«ማንም አይናገረውም። ይጻፋል እንጂ አይነገርም።»

አያ ካሳው ጥቂት አሰቡና፣ «እንደ ግዕዝ ነዋ» አሉ። «በል እንግዲያው የቄስ ልጅ አይከብደውም።»

ከበደኝ። አረሙም ከበደኝ። ስንዴ ውስጥ ሲናር የሚባል አረም አለ፤ ገና ሳያፈራ ቅጠሉ ቁርጥ ስንዴ ነው። ጠዋቱን ሙሉ አጎንብሼ ስነቅል ውዬ ቀና ስል ዘርፌ ወገቧን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች።

«ይመር፣ ና ተማሪህን እይ! ስንዴውን ነቅሎ ሲናሩን በሥርዓት ኮትኩቶልናል!»

ይመር መጥቶ አየ። አልተቆጣም። የነቀልኩትን ስንዴ አንስቶ አገዳውን በጣቱ እየጠመዘዘ፣ «የአንተ ሲም እንደዚሁ ነው» አለኝ። «የምታውቀውን የሚመስለውን ሁሉ ትይዛለህ። መምሰሉ ነው የሚገድልህ።»

የምንማረው ከእርሻው ዳር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ነበር። ማሽን የለም። ይመር በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ፕሮግራም ይጽፋል፤ እኔ ማሽኑን ሆኜ መስመር በመስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ይህ ስንት ሆነ፣ ያ ወዴት ሄደ እያልኩ በመስመሩ የታዘዝኩትን ወረቀቱ ዳር እጽፋለሁ። ስሳሳት አያቋርጠኝም። እስከ መጨረሻው ሄጄ ገደል እስክገባ ይጠብቀኛል። መስከረም ሲጋመስ ባቄላው እሸት ሆነ። ዘርፌ በጉያዋ አምጥታ ካቡ ላይ ትዘረግፍልናለች፤ እየፈለፈልን፣ ጥሬውን እየቆረጠምን፣ ከጭብጦ ጋር እየበላን እንማራለን። ጣቴ ላይ የሚቀረው የእሸት ልጣጭ አረንጓዴ ከወረቀቴ ጥግ ሁሉ ላይ ይለጠፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥሩ ክፍሎች ውስጥ፣ በብዙ ጥሩ ወንበሮች ላይ ተቀምጬ ተምሬአለሁ። እንደዚያ ካብ የገባኝ ቦታ የለም።

አንድ ስህተት ግን አልለቅ አለኝ። በሲ ፕሮግራሙ ሥራ ሲበዛበት ከማሽኑ ቦታ ይጠይቃል፤ ማሽኑ ይሰጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ግን ያንን ቦታ መልስ ብሎ መጻፍ የጸሐፊው ግዴታ ነው። ቤዚክ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። በአባቴ ቤት በልቼ እነሳለሁ፤ ሳህኑን ማን እንዳነሳው አላይም። ቤዚክም እንደዚያ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ ወረቀቴን በሰጠሁት ቁጥር ይመር ታች ላይ በትልቁ «መልስ!» ብሎ ይጽፍበታል።

በስምንተኛው ቀን ተከራከርኩት። «ባልመልስስ? ሠርቷል እኮ። ስህተት ነው አላለኝም።»

«አይልህም» አለ።

«እና?»

እሸቱን አስቀመጠና ወደ ማሳው በአገጩ አመለከተ። «ወንፈል ጠርተህ አሠርተህ፣ ተራው ሲደርስ ብትቀር ማን ይከስሃል? ማንም። የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ክስ አይሰማም። ሥራህ ያምራል፣ ማሳህ ንጹሕ ነው፣ አንድም የሚጮህ ነገር የለም። የሚጎድለው ሌላ ሰው ቤት ነው። አንተ አታየውም። ለዚህ ነው ከሌላው ስህተት ሁሉ የሚከፋው።»

ገባኝ። እውነት ለመናገር ሲ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቴ ላይ «መልስ!» አልተጻፈም።

የአረሙን ስድስት ቀን ሠራሁ። አሥራ ሁለቱን ቀን ተማርኩ። ለፈተና ስነሳ አያ ካሳው ከድንጋያቸው ላይ ሆነው መረቁኝ፣ ይመርም እስከ መንገዱ ሸኘኝ። «አብሽር፣ ታልፋለህ» አለኝ። «ብታልፍም ባታልፍም ከሚካኤል ማግስት እንገናኝ።»

«ምን ጥያቄ አለው» አልኩ።

ፈተናው ላይ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች ማንም የሚሠራቸው ነበሩ። የመጨረሻው ግን አንድ ገጽ ሙሉ ፕሮግራም አስቀምጦ ጉድለቱን አውጣ ይላል። አነበብኩት፤ ጉድለት የለውም። ዙሪያዬን ሳይ አምስቱም ተፈታኞች ራሳቸውን ያካሉ። ዓይኔን ጨፍኜ ካቡ ላይ እንደተቀመጥኩ አድርጌ፣ ማሽኑን ሆኜ ከላይ እስከ ታች በከንፈሬ አነበነብኩት። ቦታ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ይሠራበታል፣ ያበቃል። አይመልስም። ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። አለቃው ትልቅ፣ የተረጋጋ ሰው ነበር። «መቼ መጀመር ትችላለህ?» አለኝ።

ሰውየው ነገ ጀምር አላለኝም። መቼ ትችላለህ ነው ያለኝ። የአንድ ወር ጊዜ ብጠይቀው ይሰጠኝ እንደነበር በኋላ ሳውቀው ተረድቻለሁ። በሌላ ሰው፣ በድህነት፣ በዘመን ላይ የሚላከክ ነገር ፈልጌ ለብዙ ዓመት ደክሜአለሁ፤ አላገኘሁም። ወንበሩ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት መሰለኝ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የሊቅነት ማስረጃዬን ኪሴ ከትቼ ተመልሼ ማጭድ ይዤ ማጎንበሱ አስጠላኝ።

«ነገ» አልኩት። ሰውየው ግን ጥድፊያ አይወድም፤ «አይ፣ ዕቃህን አምጣ፣ ሰኞ ጀምር» አለኝ።

ዕቃዬን ለማምጣት መካነ ሰላም አንድ ቀን አደርኩ። የገበያ ቀን ነበር። የይመር ቤት የአንድ ሰዓት ተኩል እግር እንደሆነ አልረሳሁም። አልሄድኩም። ወደነሱ ሰፈር የሚመለስ፣ አሞሌ ጨው አህያ ላይ የሚጭን ሰውዬ አግኝቼ መልእክት ሰደድኩ። «ለይመር ንገርልኝ፤ ሥራ ይዣለሁ፣ ግን እሁድ እሁድ እየመጣሁ አጭድለታለሁ በልልኝ።»

ሰውዬው ገመዱን እያጠበቀ ቀና ብሎ አየኝ። «እሁድ?»

«እሁድ።»

አህያውን ነድቶ ሄደ።

እሁድ ማጭድ የሚያነሳ ክርስቲያን ገበሬ በዚያ አገር የለም። ይህንን ለማወቅ የቄስ ልጅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን የቄስ ልጅ ነኝ። ቃሌን እንዳላጠፍኩ ለራሴ የምናገረው ነገር ፈልጌ፣ በሳምንቱ ካሉት ቀናት ሁሉ ማንም ና የማይለኝን ቀን መርጬ ሰጠሁት።

ለገና በዓል ወደ ቤት ስመለስ ስጦታ ይዤ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተሟላ የሲ መጽሐፍ። ወደ ይመር ቤት ስሄድ መንገዱ ደርቋል፤ ውርጭ የመታው ሣር ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ማሳውን ሳልፍ ግማሹ በሥርዓት ታጭዷል። ግማሹ ላይ ያለው ስንዴ ግን ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። አለፍኩ።

አያ ካሳው ከድንጋያቸው ላይ ናቸው። ተሳለምኳቸው። ስለ ደሴ ጠየቁኝ፣ ስለ አባቴ ጠየቁኝ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣

«እሁድ ትመጣለህ ብለው ነግረውን ነበር» አሉ። «ይመርን ጠየቅኩት፤ ምናልባት ደሴ ላይ እሁድ ማጨድ ተፈቅዶ ይሆን እንዴ? አልሰማንም እኮ እኛ ገጠር ነን።»

ይመር ከጓሮ መጣ። ሳቅ ብሎ ጨበጠኝ፤ መዳፉ ተሰነጣጥቋል። ቤት አስገባኝ። የሆነውን በአጭሩ ነገረኝ። ከሌሎች ጋር የገባቸውን ወንፈሎች ሲጨርስ ሁሉም ወደየራሱ ማሳ ሄደ። እሱና ዘርፌ ብቻ ቀሩ። በስድስተኛው ቀን፣ ግማሹ ሲቀራቸው፣ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ፤ አራት ቀን ዘነበ። ስንዴው እንደቆመ ዛላው ላይ በቀለ። የተረፈው ለዓመት ቀለብ አይበቃም፤ ቀለብ ሳይተው አይሄድም። ለዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ አልጻፈም። «ምን ብዬ እጽፋለሁ?» አለ።

ዘርፌ ዳቦ አቀረበች። የበቀለ ስንዴ ዳቦ በልቶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አይነፋም፣ መሀሉ ጥርስ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ደስ የማይል ጣፋጭነት አለው። ዘርፌ ያን ቀን አንድ ቀልድ አልወጣትም። በልተን እስክንጨርስ ቆማ ጠበቀችን። እኔም ጨረስኩ።

መጽሐፉን ሰጠሁት። ጋቢው ላይ ጠርጎ ጀርባውን አየ፣ ማውጫውን አየ፤ ከዚያ ከደነው።

«ፈተናው ላይ ምን ጠየቁህ?»

መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም፤ ለምን ያን ጊዜ እውነት መናገር እንዳማረኝ አላውቅም። የመጨረሻውን ጥያቄ ነገርኩት።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ጎበዝ» አለ። በክፋት አልነበረም። መምህር ተማሪው ሲያልፍለት የሚለውን ነው ያለኝ፤ ፊቱ እንኳ ለአፍታ በርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሽልማት ተሰጥቶኛል፤ ያን ቃል ያህል የከበደኝ የለም።

ከዚያ መሥሪያ ቤት ተነስቼ አዲስ አበባ ገባሁ። ለብዙ ዓመት ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ሲሰለቸኝ ጽሑፍ መጻፍ ጀመርኩ። ባልደረቦቼ የእኔ ፕሮግራም አይጨናነቅም ይሉ ነበር፣ ለወር ቢሠራ ለወር እንደ መጀመሪያው ቀን ነው። እውነታቸውን ነው። ከማሽን የወሰድኩትን ሳልመልስ የቀረሁበት ቀን የለም። ይመር እዚያው ነው። አያ ካሳው ዐርፈዋል። የይመር ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል። ስልክም አለው፤ ቁጥሩ ስልኬ ውስጥ ተመዝግቧል። ደውዬ አላውቅም። ስድስት ቀን አጎንብሶ ለማጨድ ደግሞ የዛሬው ወገቤ አይሆንም፤ ይህም ሌላ ጥሩ ምክንያት ሆኖልኛል።

ማህሌት «ማን አስተማረህ?» ስትለኝ የመለስኩላት ይኸው፤ «ማንም። ከግማሽ መጽሐፍ ራሴን አስተማርኩ።»

«ወይ ጋሼ፣ ጀግና እኮ ነህ!» አለች።

አላረምኳትም።

የዘንድሮው ኅዳር ሚካኤል ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው። መካነ ሰላም አጨዳው ተጀምሯል። ለይመር አንድ ነገር ልሥራለት ብዬ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ይህን ጻፍኩ። አሁን ቀና ስል የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰማሁ፤ ለካ እሁድ ነው።